በእስክሪብቶ የሚጻፍ ድረ ገጽ

የፋይናል ሳምንት ሲደርስ ስፔስ በሚባለው የግቢው ማጥኛ ክፍል ውስጥ መቀመጫ ማግኘት ራትን ትቶ መሄድ ይጠይቃል። ጥግ ላይ ከተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አንዱ በተሰመረ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የድረ ገጽ ኮድ ይጽፋል። የማዕዘን ቅንፍ ይከፍታል፤ ‹‹ቴብል›› ብሎ ያሰፍራል፤ ቅንፉን ይዘጋል፤ ቀጣዩን መስመር ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ይጀምራል። ጓደኛው ከጎኑ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ‹‹ይቺን አልዘጋሃትም›› ትለዋለች። ብራውዘር ቢሆን ኖሮ ይህችን ስህተት አይቶ እንዳላየ ያልፋት ነበር። መምህሩ ግን አያልፋትም።

የዌብ ዲዛይን መግቢያ ውሎና አዳሩ ከስክሪን ጋር የሆነ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን በብዙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻው ፈተና የሚሰጠው በወረቀት ነው። ላብ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ለተማሪው ቁጥር አይበቁም፤ ቢበቁም መብራት በፈተናው መሐል ላለመሄዱ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ተማሪዎች ‹‹ዋናን በወረቀት እንደመፈተን ነው›› እያሉ ቢቀልዱበት አይፈረድባቸውም። ቀልዱ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ብራውዘር ለጀማሪ ከልክ በላይ ቸር ነው። መዝጊያ ታግ ቢረሳ ራሱ ይዘጋለታል፣ ታጎቹ ተጠላልፈው ቢጻፉ በራሱ ግምት አስተካክሎ ያሳየዋል። ተማሪው ገጹ ስለታየለት ብቻ ትክክል የጻፈ ይመስለዋል። ወረቀት ይህ ቸርነት የለውም፤ ስለዚህም ዝግጅቱ ከላብ ልምምድ የተለየ መሆን ይኖርበታል።

ፈተናውም አንድ ብቻ አይደለም። የዲግሪ ተማሪ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሚድ፣ ከአሳይመንትና ከፕሮጀክት በኋላ ለፋይናሉ ይቀመጣል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከሆነ ‹‹አለፈ፣ ተገላገልኩ›› ብሎ ደብተሩን መጣል አይችልም፤ በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተጀመረውና ማለፊያው 50 ከመቶ በሆነው የመውጫ ፈተና ውስጥ ዌብ ፕሮግራሚንግ ከሚጠየቅባቸው ኮርሶች አንዱ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ደግሞ ከኮሌጁ ፈተና በኋላ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቀዋል፤ እዚያ የጽሑፍም የተግባርም ምዘና አለ።

ጥያቄዎቹን በሙሉ አንድ ላይ ደርድሮ ላየ ሰው ግን ሦስት ወገን ሆነው ይታያሉ፤ የሚታወሱ፣ የሚነበቡና የሚሠሩ። አብዛኛው ተማሪ ጊዜውን ሁሉ የሚያጠፋው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው፤ አብዛኛው ነጥብ የሚወድቀው ደግሞ በሁለተኛዎቹ ላይ።

የሚታወሱት ቀላሎቹ ናቸው፤ አንድ ምሽት ይበቃቸዋል። ኢንተርኔትና ዌብ አንድ አይደሉም፦ የኢንተርኔት ሥር የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ዌብን ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን ሆኖ ያቀደው ከ20 ዓመት በኋላ በ1989 ነው። ዌብ በኢንተርኔት ላይ የሚሄድ አንድ አገልግሎት ነው፤ መንገዱና መንገዱ ላይ የሚሄደው አውቶቡስ እንደማለት። የገጽን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስን ሆኮን ቪዩም ሊ በ1994 ሐሳብ አድርጎ አቀረበው፤ የመጀመሪያው ደረጃ በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 በ10 ቀን ውስጥ ነው የጻፈው፤ ከጃቫ ጋር በስም እንጂ በሥጋ አይዛመድም። የምርጫ ጥያቄ አውጪዎች ይህን የስም መመሳሰል ይወዱታል።

ታግ መሸምደድ ግን ሌላ ነገር ነው። በርነርስ ሊ በ1991 ባሰራጨው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ የነበሩት ታጎች 18 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ ይበልጣሉ። ፈተና ላይ ከመቶው ሠላሳዎቹ እንኳ አይመጡም። እነዚያን ሠላሳዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ‹‹የሚከተለው ኮድ ብራውዘር ላይ ሲከፈት ምን ያሳያል? በሥዕል አሳይ›› የሚለው ጥያቄ ሲመጣበት እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

የዚህ ጥያቄ ቀንደኛ መልክ ሰንጠረዥ ነው። ሦስት ረድፍና ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ተሰጠ እንበል። በመጀመሪያው ረድፍ የመጀመሪያዋ ሳጥን ‹‹ሮውስፓን›› ሁለት ተብላለች፤ ማለትም ወደታች ሁለት ረድፍ ትይዛለች። በሦስተኛው ረድፍ ያለችው ብቸኛ ሳጥን ደግሞ ‹‹ኮልስፓን›› ሦስት ናት፤ ወደ ጎን ሙሉውን ትሸፍናለች። ስንት የ‹‹ቲዲ›› ታግ ይጻፋል? ብዙዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይም ሦስት ሳጥን ይጽፉና አራተኛ ዓምድ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባቸዋል። መልሱ 6 ነው፤ በመጀመሪያው ረድፍ ሦስት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ። ማረጋገጫው የሱቅ ሒሳብ ነው። ሰንጠረዡ ሦስት በሦስት ስለሆነ ዘጠኝ ቦታ አለው። ወደታች የተዘረጋችው ሁለት ትይዛለች፤ ከጎኗ ያሉት ሁለት፣ ከሥራቸው ያሉት ሁለት፣ የመጨረሻዋ ሦስት፤ ድምሩ ዘጠኝ። ይህን ሒሳብ የለመደ ተማሪ መጀመሪያ ሰንጠረዡን በእርሳስ ይሥላል፤ ኮዱን የሚጽፈው ከዚያ ነው። በተቃራኒው የሚጀምር ሰው ወረቀቱ በስርዝ ይሞላል።

ሁለተኛው የነጥብ መውደቂያ የሳጥን ሒሳብ ነው፤ ተማሪዎች ‹‹ቦክስ ሞዴል›› የሚሉት። አንድ ዲቭ ስፋቱ 300 ፒክስል፣ ፓዲንጉ በየጎኑ 20፣ ቦርደሩ 5፣ ማርጂኑ 10 ተብሏል። ስክሪን ላይ የሚታየው ሳጥን ስንት ፒክስል ይሰፋል? ‹‹300 ተብሎ የለ እንዴ!›› የሚል አይጠፋም። በተለመደው ስሌት 300 የይዘቱ ስፋት ብቻ ነው። ከግራና ከቀኝ ፓዲንጉ 40 ይጨምራል፣ ቦርደሩ 10፤ የሚታየው ሳጥን 350 ይሆናል። ማርጂኑ ሲደመር ገጹ ላይ የሚይዘው ቦታ 370 ነው። ‹‹ቦክስ ሳይዚንግ›› የሚለው መስመር ‹‹ቦርደር ቦክስ›› ከተባለ ሁሉም ይገለበጣል፤ የሚታየው 300 ላይ ይቆማል፣ ለይዘቱ የሚተርፈው 250 ብቻ ነው። ፓዲንግና ማርጂን ለሚምታታበት ሰው ጋቢ የለበሰ ሰውን ማሰብ ይበጃል። ጋቢውና ገላው መሐል ያለው ክፍተት ፓዲንግ፣ የጋቢው ጥለት ቦርደር፣ አጠገቡ ከቆመው ሰው ጋር ያለው ርቀት ማርጂን።

ሦስተኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው። አንድ አንቀጽ ላይ ሦስት ትእዛዝ ተላለፈ፤ በአይዲው አረንጓዴ፣ በክላሱ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም በታጉ ስም ቀይ ይሁን ተባለ። ‹‹መጨረሻ የተጻፈው ይሠራል›› የሚለውን ብቻ የሰማ ተማሪ ቀይ ብሎ ይመልሳል። አንቀጹ ግን አረንጓዴ ነው። አይዲ ከክላስ፣ ክላስ ከታግ ስም ይበልጣል፤ ቅደም ተከተል የሚታየው እኩል ክብደት ያላቸው ትእዛዞች ሲጋጩ ብቻ ነው። ከዚህች አንዲት ደንብ ፈተና አውጪ ሃያ ጥያቄ ማውጣት ይችላል፤ ያወጣልም።

ሌሎቹን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በፎርም ላይ የሬዲዮ አዝራሮች አንድ ዓይነት ‹‹ኔም›› ካልተሰጣቸው ወንድም ሴትም በአንድ ጊዜ ይመረጣል። የይለፍ ቃል የሚቀበል ፎርም ‹‹ጌት›› ከተባለ ምስጢሩ አድራሻው ላይ ተጽፎ ይታያል፣ ስለዚህ ‹‹ፖስት›› ነው የሚባለው። የምስል ታግ መዝጊያ የለውም፤ ‹‹አልት›› የሚባለው መግለጫ ግን ሊቀር አይገባም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ነው የሚያጠኑት? የግቢው የተለመደ ዘዴ መቸከል ነው፤ ሀንድአውቱን ሦስት ጊዜ ማንበብ፣ በቢጫ ማርከር ማስመር፣ ካለፈው ባች በቴሌግራም የመጣውን ፈተና መልሱን እያዩ ማንበብ። ማንበቡ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 81 ከመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት ወደ 42 ሲወርዱ የጻፉት 56 ላይ ነበሩ። በዋዜማው ሌሊት የቸከለ ተማሪ ማለዳ ላይ ቢያልፍም፣ የመውጫ ፈተናው ሲመጣ ከዜሮ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ያለፈው ዓመት ፈተናም ጥቅም የሚሰጠው መልሱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ሲሠራ ነው።

የኮድ ትምህርት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሬይመንድ ሊስተርና ባልደረቦቹ በሰባት አገሮች የሚገኙ ጀማሪዎችን አጫጭር ኮድ አስነብበው ውጤቱን ጠየቋቸው። የብዙዎቹ ችግር መጻፍ አለመቻል ብቻ አልነበረም፤ የተጻፈውን መስመር በመስመር ተከትሎ ማንበቡም ይከብዳቸው ነበር። ጥናቱ ስለ ፕሮግራሚንግ ነው፤ ለዌብ ዲዛይን ጀማሪም ግን ልክ ይገጥመዋል።

ለዚህ ችግር ከኒውዚላንድ የመጣች አንዲት ዘዴ ለእኛ አገር የተሠራች ትመስላለች። ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሻ ሃደን በኦታጎ ፖሊቴክኒክ ሲያስተምሩ የኮድ መስመሮችን አዘባርቀው ተማሪው በትክክል እንዲደረድራቸው ይሰጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጽፈው አስተዋወቁት። ይህን ለማድረግ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አንድ ፎቶ ኮፒና መቀስ ይበቃል። የአንድ ሙሉ ገጽ ኮድ በየመስመሩ ይቆረጣል፣ ቁራጮቹ እንደ ካርታ ይበወዛሉ፣ ሁለት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ላይ ይደረድሯቸዋል። ሄድ ከባዲ በፊት መሆኑ፣ የስታይል ማያያዣዋ ሄድ ውስጥ መግባቷ፣ የትኛው መዝጊያ የየትኛው መክፈቻ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ሳይሸመደድ በእጅ ይለመዳል። መብራት ሲሄድ በሻማም ይሠራል። ጨዋታውን ከበድ ለማድረግ ደግሞ የማያስፈልግ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪም በር አልተዘጋም። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚቀረው ነገር የኤችቲኤምኤል ፋይል ለመክፈት ኢንተርኔት አለማስፈለጉ ነው። በስልክ ላይ በተጫነ ቀላል የኮድ መጻፊያ ተጽፎ በዚያው ስልክ ብራውዘር ይከፈታል፤ አንዲት ሜጋባይት ዳታ አይበላም።

አሁን ስለ ሀንድአውቱ። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞሩት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.01 ዘመን ላይ ቆመው ቀርተዋል። ጽሑፍን ለማቅለም ‹‹ፎንት››፣ መሐል ለማድረግ ‹‹ሴንተር››፣ ገጽን ለመክፈል ‹‹ፍሬምሴት›› ያስተምራሉ። አንዳንዶቹ ስለ ፍላሽ አኒሜሽንም አንድ ምዕራፍ አላቸው፤ ይህ ቴክኖሎጂ በ2020 መጨረሻ ተቀብሯል። ፎንትን የመሰሉት ታጎች ደግሞ በ2014 በጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ከደረጃው ወጥተዋል። የሚያስቀው ብራውዘሮች ብዙዎቹን እስከ ዛሬ ያሳያሉ፤ ‹‹ማርኪ›› የሚባለው ታግ አሁንም ጽሑፉን ከቀኝ ወደ ግራ ያስሮጠዋል። ስለዚህ ተማሪው ‹‹ይሠራል እኮ!›› ብሎ ቢከራከር ሐሰት አልተናገረም፤ ትክክልም ግን አይደለም።

ፈተና ክፍል ውስጥ የትኛውን ይጻፍ? ይህ በዌብ ዲዛይን ፈተና ላይ ከሁሉ የሚያናድደው ጥያቄ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪው አይደለም። ብልሁ መንገድ ፈተናው ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት በክለሳ ክፍለ ጊዜ መምህሩን በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ ‹‹ቀለሙን በታግ እንጻፍ ወይስ በሲኤስኤስ?›› ሳይጠየቅ ከቀረ ደግሞ በሲኤስኤስ መጻፉ ይሻላል። ፈተናውን የሚያርመው ሰው የቱንም ያህል ያረጀ ማስታወሻ ቢይዝ በሲኤስኤስ የተጻፈ ትክክለኛ መልስ ላይ ኤክስ ለማድረግ እጁ ይከብደዋል። በተመሳሳይ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ኢታን ማርኮት ስም የሰጠውን ‹‹ሪስፖንሲቭ›› ዲዛይን ሀንድአውቱ ባያነሳውም ማወቅ ይገባል። የአገሬው ሰው ድረ ገጽ የሚያየው በስልኩ ነው፤ ‹‹ቪውፖርት›› የምትባለዋ አንድ መስመር ከሌለች ለስልክ ተብሎ የተዘጋጀው ገጽ እንኳ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት ይታያል።

አንዳንድ መምህራን በፈተናም በፕሮጀክትም ‹‹የአማርኛ ገጽ ሥሩ›› ማለት ጀምረዋል። ጥሩ አድርገዋል፤ እዚህ ላይ ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ ዕውቀት ይፈተናል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይመስል ነበር። ዛሬ የገጹ አናት ላይ ‹‹ካርሴት ዩቲኤፍ-8›› ካልተባለ ያው ዝብርቅርቅ ሊመለስ ይችላል። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል፤ ‹‹ሰላም›› ዘጠኝ ባይት ነው። የገጹ ቋንቋ በ‹‹ላንግ›› አማርኛ መሆኑ ይገለጻል። ፊደሎችን ካፒታል የሚያደርገው የሲኤስኤስ ትእዛዝ አማርኛ ላይ ምንም አያመጣም፤ ‹‹ሀ›› ትልቅና ትንሽ የላትምና። ‹‹ኢታሊክ›› ሲባል ደግሞ ፊደላችን የራሱ ዘንባላ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያዘነብለዋል፤ ባይጠቀሙበት ይመረጣል። በምትኩ ጥቂት ሰው የሚያውቃት አንዲት ጌጥ አለች። የዝርዝር ቁጥሩን ስልት ‹‹ኢትዮፒክ ኑመሪክ›› ማለት ይቻላል፤ ተራ ቁጥሮቹ ፩፣ ፪፣ ፫ ሆነው ይወጣሉ። የፕሮጀክት አቅራቢ ይህን ሲያሳይ የክፍሉ ዓይን ከስልኩ ይነሣል።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ቻትጂፒቲ የፕሮጀክቱን ነገር አቅልሎታል፤ የፈተናውን ግን አክብዶታል። ሙሉ የምዝገባ ገጽ በግማሽ ደቂቃ ይጽፋል። ተማሪው ያስረክባል፣ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ፕረዘንቴሽን ላይ መምህሩ ‹‹እዚህ ጋ ፍሌክስ ለምን አስፈለገ?›› ሲለው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በወረቀቱ ፈተና ላይ ደግሞ የሚያሾልክለት የለም። መሣሪያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ‹‹ሦስት ስህተት ያለበት ኮድ ስጠኝ፣ መልሱን አትንገረኝ›› ብሎ ለጠየቀው፣ የማይሰለች ፈታኝ ይሆናል። ልዩነቱ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ነው።

የተግባር ፈተናው ሌላ ዓለም ነው። ሲኦሲ ላይ ውጤቱ በኤና በቢ አይነገርም፤ ‹‹ብቁ›› ወይም ‹‹ገና ብቁ ያልሆነ›› ነው። መዛኙ አጠገብ ቆሞ አሠራሩን ያያል፤ ሰዓትም ይቆጠራል። እዚህ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው በማይረቡ ነገሮች ነው። በኖትፓድ የጻፈ ተማሪ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ዓይነቱን ‹‹ኦል ፋይልስ›› ካላደረገ፣ ከስሙ ጀርባ ‹‹ዶት ቲኤክስቲ›› ተለጥፎበት ይቀራል፤ ሲከፈት ድረ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ኮዱ ራሱ ይዘረገፋል። የፎቶው ስም በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ኮዱ ላይ በትንሽ ፊደል የተጠራ እንደሆነ ዊንዶውስ ይምራል፤ ገጹ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን ምስሉ ይጠፋል። ስለዚህ የለመዱ ተማሪዎች ሥራ የሚጀምሩት ከኮድ አይደለም፤ አንድ ፎልደር ይከፍታሉ፣ ውስጡ ለምስል ሌላ ፎልደር፣ ስሞቹ ሁሉ በትንንሽ ፊደል፣ ክፍተት የሌላቸው።

ያን ያላደረገ ተማሪ ምስሉን ከዴስክቶፑ ላይ ይጠራዋል፤ አድራሻው ‹‹ሲ›› ከሚባለው ድራይቭ ይጀምርና የራሱን የተጠቃሚ ስም ጨምሮ ረጅም ይሆናል። ለእሱ በደንብ ይታይለታል። ሁሉን ጨርሶ፣ ሜኑውን አስተካክሎ፣ ፎርሙን ሞክሮ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ያስረክባል። መዛኙ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ገጹን ይከፍታል። ርዕሱ አለ፣ ሜኑው አለ፣ ቀለሙም ያምራል። ምስሉ ይታይበታል በተባለው ቦታ ላይ ግን አንዲት የተቀደደች ትንሽ ምልክት ብቻ አለች፤ ከጎኗም ተማሪው ለወጉ ያህል በአልት ያስገባት ጽሑፍ፦ ‹‹የኮሌጃችን ዋና በር››።